ከሴኡል ሱሉልታ ያልተጠየቀ ጥያቄ

ይህን ታሪክ ለመጻፍ የባለታሪኳን ፈቃድ ጠይቄ አግኝቻለሁ። እዚህ ሌሊሴ ብያታለሁ፤ የአባቷንና የአጎቷንም ስም ቀይሬያለሁ። የቀረው እንዳየሁትና እንደሰማሁት ነው። ንግግሮቹን ከትዝታ ስለጻፍኳቸው ቃል በቃል ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሐሳባቸውን ግን አልነካሁም።

ለማታውቁኝ ጥቂት ስለራሴ ልበል። ከሃያ ዓመት በላይ በጋዜጠኝነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የያዝኩት የፍርድ ቤትና የአደጋ ዜና ነው። ባልደረቦቼ ከኋላዬ «ደረቁ መስፍን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም። በሥራዬ ሁለት ነገር አጥብቄ እይዝ ነበር። አንድ ወሬ ከሁለት ምንጭ ሳይረጋገጥ አይነገርም፤ ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ አይደበቅም። በተለይ ከወሬው ባለቤት አይደበቅም። በአገራችን መርዶ የሚሸሸግበት ልማድ፣ ውጭ አገር ያለ ሰው «አባትህን ትንሽ አሞታል» እየተባለ የሚጠራበት ነገር፣ ለእኔ በደግነት ስም የሚደረግ ውሸት ነበር። ይህንኑ በጋዜጣ ላይ ጽፌው አውቃለሁ፤ አንባቢም ደውሎ ሰድቦኛል።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በጎጃም መንገድ ዳር ሯጮች በቡድን በቡድን ሆነው ያልፋሉ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ቀጭን ሽማግሌ የሴት ሹራብ በክንዳቸው አንጠልጥለው ይቆማሉ። ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ከቤታችን በታች ከብት የሚያረቡ ገበሬ። ሹራቡ የልጃቸው የሌሊሴ ነው። ልምምዷን ስትጨርስ ላቧ ሳይደርቅ ሊያለብሷት ነው የሚቆሙት። እናቷ የሞተችው ሌሊሴ ገና ትንሽ ሳለች ነው፤ ያሳደጓት እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። አድጋ፣ ማራቶን መሮጥ ጀምራ፣ በአውሮፕላን እየሄደች ስትመለስም ሹራቡን መያዝ አልተዉም።

ገጠመኙ የተጀመረው ሴኡል አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ነው። ለሥልጠና ሄጄ አንድ ሳምንት ቆይቼ ወደ አገሬ ልመለስ የመሳፈሪያ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሌሊሴም በዚያው ሰሞን ኮሪያ ውስጥ ለውድድር መሄዷን ሰምቻለሁ፤ በምን ቀን እንደምትመለስ ግን አላውቅም። ባለቤቴ ሶስና ደወለች።

«ቁጭ ብለሃል?» አለችኝ።

«ብያለሁ። ምነው?»

«ኦቦ ቶሎሳ ዐርፈዋል። ሐሙስ ማታ። ከብቶቹን አስገብተው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ፤ በዚያው ቀሩ። ዓርብ ቀበርናቸው።»

ዕለቱ ሰኞ ነበር። የሌሊሴ ውድድር እሑድ እንደነበረ አውቃለሁ። ቀኖቹን በጭንቅላቴ ደረደርኳቸው።

«ኦቦ ገመቹ አጠገቤ ናቸው፤ ሊያናግሩህ ይፈልጋሉ» አለችና ስልኩን ሰጠቻቸው። ኦቦ ገመቹ የሟቹ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂና ኃይለኛ ሽማግሌ።

«አካም ጅርታ፣ መስፍን። ልጅቷ በዚያው አውሮፕላን ነው የምትመጣው። ብቻዋን ናት። አሠልጣኟ ከሌሎቹ ጋር ለሌላ ውድድር ቻይና ገብቷል።»

«ታውቃለች?»

«እንዴት ብላ ታውቃለች? ሩጫ ነበረባት እኮ! የዓመት ልፋቷ። ሟቹ ራሱ ቢጠየቅ ‹ሳትጨርስ እንዳትነግሯት› ነበር የሚለው።»

«አሁን ግን ጨርሳለች፣ ኦቦ ገመቹ።»

«ጨርሳለች። እና ሰማይ ላይ ትስማ? ማን ያቅፋታል፣ አጠገቧ የተቀመጠው ኮሪያዊ? መርዶ አገር ይፈልጋል፣ ሰው ይፈልጋል። እዚህ ስትደርስ እኛ እንነግራታለን። አንተ አብረሃት ተቀመጥ፤ አደራ።»

«ከጠየቀችኝ አልዋሽም። ከአሁኑ ይወቁት።»

«ማን ዋሽ አለህ? ዝም በል ነው ያልኩህ። እናንተ ጋዜጠኞች ሲመቻችሁ ዝም ማለት ታውቁበት የለም እንዴ?»

ስልኩን ዘጉብኝ። አንደኛው ምንጭ ወንድማቸው፣ ሁለተኛው ቀብር ላይ የቆመችው ባለቤቴ። በእኔ ሕግ ነገሩ ተረጋግጧል፤ ለባለቤቱ መነገር ነበረበት።

የወሬው ባለቤት ደግሞ ከኋላዬ «ጋሼ!» ብላ ጮኸች።

ዞር ስል የቡድን ቱታዋን ለብሳ፣ የጀርባ ቦርሳዋን አንግባ እየሳቀች ቆማለች። ጉልበቴን ነካ አድርጋ ሰላም አለችኝ፤ ከመቼ ወዲህ እዚህ እንዳለሁ፣ ምን እንደበላሁ፣ ምግቡ ተስማምቶኝ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችኝ። ሦስተኛ ወጥታለች። «ሦስተኛ ግን በራሴ ምርጥ ሰዓት» አለች። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። እውነት ነበርና ለመናገር አልከበደኝም።

አውሮፕላን ውስጥ ወንበራችን የተራራቀ ነበር። ምን ላድርግ ብዬ ሳስብ እሷ ቀደመችኝ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው በምልክትና በፈገግታ አግባባችና ቦታ ለወጠች።

ከፊታችን ያለው ስክሪን ላይ ካርታው ወጣ። የሚቀረን ርቀት ከዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ የሚቀረን ጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ። ሌሊሴ ቁጥሩን እንደ ሯጭ ነበር የምታየው።

«ከሁለት መቶ ማራቶን በላይ ነው እኮ ጋሼ! ፍጥነቱንስ አዩት? አንዱን ኪሎ ሜትር በአራት ሰከንድ እየጨረሰው ነው። የእኔ አሠልጣኝ ቢሆን ‹መጀመሪያውን አታክንፈው፣ በኋላ ትሞታለህ› ይለው ነበር።»

ሳቅኩ። እውነት ለመናገር ከልቤ ነው የሳቅኩት፤ ወዲያው ግን ሳቄን ራሴው ታዘብኩት።

የእጅ ሰዓቷን አሳየችኝ። «ይሄን አዩ? ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ አልነካሁትም። ኮሪያ ከእኛ በስድስት ሰዓት ይቀድማል። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ነው። እዚያ ከሌሊቱ አንድ ሰዓት ሲሉ እኛ ጋ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ይህን ለአባቴ ነግሬው ነበር። ‹አንቺ ጋ ስንት ሰዓት ነው?› ሲለኝ ‹ግድግዳው ላይ ያለውን እየው› አልኩት፤ አየና ‹እንግዲያው ሩቅ አይደለሽም› አለኝ።»

ሰዓቴን አየሁ። እኔ ስደርስ በስልኬ ቀይሬው ነበር፤ ይህን አላስተዋልኩም። እውነቷን ነው፤ በአገራችን ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተነስተን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር የምንደርሰው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት ለመግለጽ ይቸግረኛል። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ልንገራት ብዬ ወሰንኩ፤ የጋዜጣ ጽሑፌን በልቤ ደግሜ አነበብኩት፤ ትክክል ነበር። ከዚያ ዙሪያዬን አየሁ። የተኙ ሰዎች፣ መብራቱ የደበዘዘ ጠባብ መተላለፊያ፣ ቀበቶ የታሰረች ልጅ። ኦቦ ገመቹ «ማን ያቅፋታል?» ያሉት ትዝ አለኝ። እኔ ሰው ማቀፍ የምችል ሰው አይደለሁም። ዝም አልኩ። ዝምታዬ የማን እንደሆነ፣ የእሷ ጥቅም ይሁን የእኔ ፍርሃት፣ ያኔ አላወቅኩም።

ምግብ መጣ። በላን። ከትሪዬ ላይ ያለችውን ጣፋጭ ኬክ ሳላስብ ወደ እሷ ገፋ አደረግኩላት።

ሌሊሴ ኬኩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ወረደ።

«እርስዎም ጀመሩ ጋሼ?»

«ምኑን?»

«ደግነቱን።» ኬኩን አልነካችውም። «ከዓርብ ጀምሮ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖብኛል። አሠልጣኜ በሕይወቱ ጎሽ ብሎኝ አያውቅም፤ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ተጎትቼ ስገባ ‹አይዞሽ› አለኝ። አብራኝ የምታድረው ልጅ በሙቅ ውኃ ሁሌ ትጣላኛለች፤ ‹ቀድመሽ ታጠቢ› አለችኝ። አጎቴ ገመቹ ለስልኩ ካርድ ሞልቶ አያውቅም፤ በቀን ሦስቴ ይደውላል። ‹አባቴስ?› ስለው ‹ስልኩ ተበላሽቶ ነው፣ ከብት ሊያይ ሄዷል፣ ገበያ ወርዷል።› ሁልጊዜ ሄዷል ነው። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይሄዳል?»

እጄን ትሪው ላይ አድርጌ ቀረሁ።

ዓይኗን ወደ ካርታው መለሰች። የሕንድን ምድር ጨርሰን ባሕሩ ላይ ወጥተን ነበር። አስተናጋጇ መጥታ ትሪዎቹን ሰበሰበች።

«አባቴ ስለ እርስዎ ምን እንደሚል ያውቃሉ?» አለች በመጨረሻ።

«ምን ይላሉ?»

«‹ያ ሰውዬ ደረቅ ነው፤ ውሸት ግን አያውቅም› ይላል።» ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ስለዚህ አልጠይቅዎትም።»

«ሌሊሴ...»

«አይንገሩኝ። እባክዎ ጋሼ። ስንት ሰዓት ቀረን?»

ስክሪኑን አየሁ። «አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።»

«በቃ፣ እስከዚያ ድረስ አባት አለኝ» አለችና ራሷን ወንበሩ ላይ አስደገፈች።

አንባቢዎቼ፣ የጋዜጠኛ ሕጌ በዚያች ደቂቃ ምን ያህል እንደማይረባ ልነግራችሁ አልችልም። እውነቱ የእሷ ነበር። እንዳትሰማ የመረጠችውም ራሷ ነበረች። እኔ አስቤው የማላውቀው ይህን ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ አንድ ሰው የራሱን እውነት በር ላይ አቁሞ «ትንሽ ጠብቅ» ሊለው እንደሚችል።

«ስለ እሱ ያውሩኝ» አለችኝ። «እኔ የማላውቀውን። እርስዎ የሚያውቁትን።»

ነገርኳት። አንድ ጊዜ የእኛ ጋዜጣ የስፖርት አምድ ስለ ሌሊሴ ሲጽፍ «የአዲስ አበባዋ ሯጭ» አላት። ኦቦ ቶሎሳ ጋዜጣውን አጣጥፈው ይዘው በጠዋት ቤቴ መጡ። ስፖርት የእኔ ክፍል እንዳልሆነ ባስረዳቸውም አልሰሙኝም። «እኔ ሱሉልታ ወልጄ፣ ሱሉልታ አሳድጌ፣ በሱሉልታ ብርድ አስሩጬ፣ አንተ ለአዲስ አበባ ትሰጥብኛለህ? አዲስ አበባ ውኃውንም መሬቱንም ወሰደ፤ ልጄን እንኳ ተዉልኝ!» አሉኝ። ማስተካከያ እንዲወጣ አደረግኩ። በሳምንቱ ደግሞ ተመልሰው መጡ፤ ማስተካከያውን በጣታቸው እየለኩ «ጥፋቱን በትልቁ ጽፋችሁ ይቅርታውን በትንሹ?» አሉ።

ሌሊሴ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊዞር ሲል ያዘችው፤ ትንፋሿን ሰብስባ «ሌላስ?» አለች። ሌላ ነገርኳት። እሷም ነገረችኝ። ገና ስትጀምር ጫማ ሲገዙላት እንድታድግበት ብለው ሁለት ቁጥር ጨምረው እንደገዙላት፣ ጨርቅ ወትፋ እንደሮጠችበት። እንዲህ እያልን ቀይ ባሕርን ተሻገርን፤ በመስኮቱ ብርሃን ገባ። ጎማው መሬት ሲነካ እጇን ዘርግታ እጄን ያዘች፤ አልለቀቀችም።

ቦሌ ኦቦ ገመቹ ከሁለት ሽማግሌዎችና ከሶስና ጋር ቆመዋል። ደማቅ ሰማያዊ ጃኬት ለብሰዋል፤ ከማን እንደተዋሱት አላውቅም፣ እጅጌው አልደረሳቸውም። ሶስና ጥቁር ቀሚሷን በባለ አበባ ቀይራለች። ሌሊሴ አንድ በአንድ ሳመቻቸው። ማንም ዓይኗን አያይም ነበር። በተከራዩት ሚኒባስ ገባን። አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ኦቦ ገመቹ ያለማቋረጥ አወሩ፤ ስለ ሩጫው፣ ስለ ኬንያዊቷ፣ ስለ ዝናቡ። ሌሊሴም ሁሉንም መለሰች፤ ኬንያዊቷ እንዴት እንዳመለጠቻት ሳይቀር። እያንዳንዳቸው ለሌላው ይጠነቀቁ ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሚኒባሱ በአባቷ ቤት በኩል ሳይሆን በኦቦ ገመቹ በር ቆመ። ሌሊሴ ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። ሁሉም ተነስተው ሳሟት፤ ሁሉም በዚያው ተመልሰው ተቀመጡ። በልማዱ መርዶ የሚነገረው ሰው ሳይበላ አይሰማም፤ ጨጨብሳ ቀረበ። «ቅመሺ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት አጎቷ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። በላች። ሰው ሁሉ በየጉርሻው ሲያያት ቀስ ብላ በላች። ለምን እንደምትበላ ታውቃለች፤ ቢሆንም በላች። ጨረሰች፤ እጇን ታጠበች፤ ቱታዋ ላይ አደረቀችው።

«አጎቴ፣ በላሁ» አለች። «አሁን ይንገሩኝ።»

ኦቦ ገመቹ ቆሙ። የተዘጋጁበት ንግግር እንደነበራቸው በኋላ ነግረውኛል። ስለ ፈጣሪ ሥራ፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ወግ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ሰውየው ወንድማቸው ከሞተ ጀምሮ በቀን ሦስቴ እየደወሉ ሲስቁ የከረሙ ናቸው፤ ለራሳቸው ያለቀሱበት ቀን አልነበረም። ያች ትንሽ ጃኬት ላያቸው ላይ እየተንቀጠቀጠች በቁማቸው ቀሩ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። በልማዱ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው አፉን የሚከፍት አልነበረም።

ሌሊሴ አጎቷን ትከሻቸውን ይዛ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ በሩ አጠገብ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ አሁን ልጠይቅዎት። አባቴ አለ?»

«የለም ሌሊሴ» አልኳት። «ሐሙስ ማታ ዐረፉ። ዓርብ ተቀበሩ።»

በሥራዬ ከተናገርኩት ዜና ሁሉ አጭሩ ይህ ነው። ምንም አልጨመርኩበትም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ኦቦ ገመቹ የተሳሳቱ አልነበሩም። ስትወድቅ የያዟት ብዙ እጆች ነበሩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ልማዱን ላወድስ የመጣሁ እመስላችሁ ነበር። አልመጣሁም። በዐርባው ቀን ሰው ከበላ በኋላ ሌሊሴ ድንገት ተነሳች። «አንድ ነገር አለኝ» አለች። «አባቴ ሞቶ እኔ ስሮጥ ነበር። ነግራችሁኝ ቢሆን ምናልባት እሮጥ ነበር፤ ምናልባትም አልሮጥም። አላውቅም። እናንተ ግን ወሰናችሁልኝ። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጉብኝ።» ኦቦ ገመቹ አንገታቸውን ደፉና «ሁለተኛ ማን ቀረና፣ እኔ አይደለሁም? እሺ፤ እኔ ስሞት ራሴ ደውዬ እነግርሻለሁ» አሉ። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን «ቃል ነው?» አለቻቸው። «ቃል ነው» አሉ፤ እሱን ሲሉ አልሳቁም።

እኔስ ምን ተለወጥኩ? አሁንም መርዶ መደበቅን አልደግፍም። አሁንም ሁለት ምንጭ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ድሮ «ተረጋግጧል?» ብዬ ካበቃሁ በኋላ እለቀው የነበረውን ዜና ዛሬ እንዲያ አልለቀውም። አደጋ ደርሶ የሟቾች ስም ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ፣ የእያንዳንዱ ቤተሰብ የት እንዳለ አስጠይቃለሁ። መንገድ ላይ ያለ አለ? መሪ የያዘ፣ ብቻውን የሆነ አለ? ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ሌላው ጋዜጣ ሊቀድመን ነው ብለው ይቆጣሉ። ይቀድመናል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞናል።

ከሴኡል አዲስ አበባ በረራው ምን ያህል ይፈጃል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ እላችኋለሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ቀጥዬ ግን የሚመጣው ማን እንደሆነ እጠይቃችኋለሁ።